ቁልቋሉን ማን አጠጣው?

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተኳሽ ነኝ። ወታደር እንዳልመስላችሁ... ሸሚዝ ነው የምተኩሰው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል፣ ማታ ቤቴ ስገባ እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

የምኖረው ብቻዬን ነው። ከእኔ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ቢኖር መስኮቱ ላይ ያለው ቁልቋል ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ተከራይ ትታው የሄደችው።

ሰሞኑን ከሥሩ ቢጫ ሆነ። ስነካው ልፍስፍስ አለ።

ችግኝ ሻጩ ጋ ወሰድኩት። ገና ሲያየው ከንፈሩን መጠጠ።

"ውሃ በዝቶበት በስብሷል። በየቀኑ ነው እንዴ የምታጠጪው?"

"ኧረ እኔ! ካጠጣሁት ሁለት ወር አልፎኛል።"

አፈሩን ጨበጥ አደረገው... ውሃ በጣቶቹ መሃል ተንጠባጠበ።



የበሰበሰውን በቢላዋ ቆርጦ ጣለ። "ቁስሉ ሳምንት ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ አሸዋ ላይ ትከዪው። ሥር እስኪያወጣ ውሃ እንዳታሳዪው።"

እንዳለኝ አደረግኩ። በተከልኩት ማግስት ከሥራ ስመለስ...

አሸዋው ርሷል።

ጣራው እያፈሰሰ ይሆናል ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

በማግስቱም ርሷል።

ታች ወደሚኖሩት አከራዬ ወረድኩ።

"እማማ፣ እኔ ሳልኖር ቤቴ ይገባሉ?"

"በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ልወጣ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቀን ቀን ቧንቧ ሲከፈት እሰማለሁ... እህትሽ የመጣች መስሎኝ።"

እህት የለኝም።

በነጋታው ከሥራ ቀረሁ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት... ምንም።

ስምንት ሰዓት... ምንም።

ፈርቻለሁ። ግን ስንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ድካም ፍርሃት አያውቅም። ዓይኔ ከዳኝ።

ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዘልዬ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ።

አሸዋው ደረቅ ነው።

እፎይ አልኩ።

ከዚያ ነው ከንፈሬን የቀዘቀዘኝ። ነካሁት... እርጥብ ነው። ውሃው በአገጬ ወርዶ ደረቴን አርሶታል።

ዞር አልኩ። በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

ከወንበሬ ሥር፣ ወለሉ ላይ... ግማሹ የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ።