ያልተበላው የፒኑ ጫፍ

ሦስተኛውም ፒን አልሆነም።

ሚሊ ግቢው ውስጥ ከቆመችው ጀልባ ኋላ ተንበርክካ ፒኑን በቀለበቶቹ ቀዳዳ ሰደደችውና የመሪውን ሳንቃ ይዛ ነቀነቀችው። ወደ ግራ ቋ፣ ወደ ቀኝ ቋ። ሊወልቅ እንደ ደረሰ የልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ፒኑ የጣት ያህል ብረት ነው፤ ነገር ግን መሪውን ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዘው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካልጠበቀ ባለ ሸራዋ ጀልባ ነፋስ ወደ ነዳት ትሄዳለች እንጂ ሰው ወደ ፈለገበት አትሄድም።

ሚሊ እውነተኛ ስሟ አይደለም። «ሚሊሜትር» ብሎ ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ሰፈሩ አሳጠረው። መነጽር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ በሰው ሁለት ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት ስትለካ ትውልና ቤት ስትገባ ደግሞ የተንጋደደ ፎቶ ግድግዳው ላይ ካየች ሳታቃና አትቀመጥም። እንዲህ ያለች ሴት ሦስት ጊዜ ከኢንተርኔት የማይሆን ዕቃ ማዘዟ ለወንድሟ ትልቅ ሳቅ ሆኖለታል።

«አሁንስ ፖስተኛው ሽማግሌ ሊልክብሽ ነው መሰለኝ» አላት፣ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ። «እግሩ ግቢያችንን ለመደ።»

«ሂድና እጮኛህን አናግር።»

«እሷ እኮ ስለዚች ጀልባ ካልሆነ አታወራኝም። ‹ቤታችን የሚሠራበት ቦታ ላይ ጀልባ ተኝታለች› ነው ነጋ ጠባ።» ከዚያ ሳቁን ተወው። «ሚሊ፣ የምሬን ነው። ግንበኞቹ ሰኞ ጠዋት ይገባሉ። ቅዳሜ ይቺ ጀልባ ወይ ውሃ ላይ ትሆናለች ወይ መጋዝ ሥር። ገዢ አግኝቼላታለሁ፤ ፈታትቶ ዕቃዋን የሚሸጥ ሰው።»

ሚሊ ወደ መስኮቱ ቀና አለች። አባቷ እዚያ ተቀምጠዋል። በዚህች ጀልባ ሰው ከሐይቁ ወዲያና ወዲህ ሲያሻግሩ ኖረው፣ ዳሌያቸው ከታመመ ወዲህ ከወንበራቸው ሆነው እሷኑ ማየት ሥራቸው ሆኗል። ግቢውን ለወንድ ልጃቸው፣ ጀልባዋን ለሴት ልጃቸው ሰጥተዋል። መሪ አያያዝም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ እርስዎም እንደዚያ ነው የሚሉት?»

«ቆማ ስትበሰብስ ማየት አልችልም፣ እናቴ። ወይ ትንሳፈፍ፣ ወይ ትሂድልኝ።»

«ትንሳፈፋለች» አለች ሚሊ፣ ጉልበቷን አራግፋ እየተነሣች። ይህን ስትል ትንሽም አልተጠራጠረችም። ጀልባዋ አልቸገረቻትም፤ የቸገራት ፒኑ ነው።

በምሳ ሰዓት መነጽር ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ እንደገና ፍለጋ ገባች። የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች አበጠረችው። አብዛኛው ሻጭ ፎቶውን ከሌላ ቦታ ያመጣና «ለሁሉም ጀልባ ይሆናል» ብሎ ይጽፍበታል። ለሁሉም ይሆናል የሚባል መነጽር ምን ዓይነት መነጽር እንደሆነ ስለምታውቅ እነዚያን አለፈቻቸው።

ከታች አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ሰማያዊ ፎጣ ላይ የተጋደመ ፒን፣ ጎኑ ማስመሪያ። ሻጩ ራሱን «አሮጌ ብረት» ብሎ ሰይሟል። ከፎቶው በታች ያለው ጽሑፍ አንድ መስመር ነው፦ ልኩን ለማያውቅ አይሸጥም።

ሚሊ ፈገግ አለች። ይሄ ደግሞ ለእኔ የተጻፈ ነው ብላ መልእክት ላከች።

«የእርስዎ ፒን ለእኔ ይወፍራል። የእኔ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ቀጭን አለዎት?»

«አለኝ። ግን አልሸጥልዎትም።»

«ለምን ሲባል?»

«ስለማይሆንዎት። በዚያ ልክ የተሠራ የመሪ ፒን አይቼ አላውቅም። የቱ ጋ ነው የለኩት?»

ሚሊ ፊቷ ጋለ። በሥራ ዘመኗ «የቱ ጋ ነው የለካሽው?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«መሃሉ ላይ። ሦስት ጊዜ» ብላ ጻፈች።

«እንግዲያው የተበላውን ቦታ ሦስት ጊዜ ለክተዋል። አሁን ያልተበላውን ይለኩ።»

ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ምን ዓይነት ሰው ነው! ከሰዓት በኋላ የመጣው ደንበኛ አሮጌ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በዚህ ልክ ሥሪልኝ» ሲላት፣ እንደ ልማዷ «ይሄማ ተጣሟል፤ የምለካው ፊትዎን ነው» ልትለው አፏን ከፈተችና ቃሉ ግማሽ ላይ ቀረ። ደንበኛው የምትስቅበትን ምክንያት ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

ማታ ቤት እንደገባች አሮጌውን ፒን አነሣችው። አንዱ ጫፉ ሁልጊዜ በመቆለፊያው ሥር ተደብቆ የኖረ፣ ዞሮም ተፋጭቶም የማያውቅ ነው። የደረቀውን ግራሶ በጨርቅ ስትጠርገው ብረቱ ዛሬ የተሠራ ይመስል አብለጨለጨ። ለካችው። ልክ አሥራ ሁለት!

እጇ በግራሶ ስለተለወሰ መጻፉን ትታ በድምፅ ላከችለት፦ «አሥራ ሁለት ነው። አሳፈሩኝ። ግን ደስ ብሎኝ ነው ያፈርኩት።»

መልሱም ድምፅ ነበር፤ ጎርነን ያለ፣ ሳቅ የሚተናነቀው ወጣት ድምፅ። «እኔ እኮ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ናቸው ብዬ ነበር ስጠነቀቅ የነበረው።»

«እኔም እርስዎን አንድ ቁጡ ሽማግሌ።»

«ቁጡው ልክ ነው። ሽማግሌው ግን ገና ነኝ።»

ከዚያ በኋላ «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። አሮጌ ብረት የሞቱ ጀልባዎችን እየገዛ ፈታትቶ ዕቃቸውን በሕይወት ላሉት የሚሸጥ ሰው ነው። ፒን ብቻ እንደማይበቃት የነገራትም እሱ ነው።

«ቀለበቱ ውስጥ ቡሽ አለ፤ ፒኑ የሚዞርበት የፕላስቲክ ሽፋን። እነሱ ሲፋጩ ነው አብረው ያረጁት። አዲስ ፒን አሮጌ ቡሽ ውስጥ ከከተትሽ አሮጌው አዲሱን ይበላዋል። ሁለቱንም ነው የምትቀይሪው።»

«ሁለቱም አሉህ?»

«አሉኝ። ላንቺ ብዬ ለይቼ አስቀምጫለሁ።»

«ላንቺ» ያላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሚሊ መልእክቱን ደግማ ሰማችው፤ ለቡሹ ነው ብላ ራሷን አሳመነች።

ረቡዕ ዕለት የጀልባዋን የኋላ ገጽ በፎቶ እንድትልክለት ጠየቃት። ላከች። ግራ ጥግ ላይ አባቷ ቀለም አልቆባቸው በአረንጓዴ የደፈኗት ቦታ ሳትቀር በግልጽ ትታያለች። ፎቶውን እንዳየ ምልክቱ አሳያት፤ መልስ ግን የለም። ማንኛውንም ጥያቄ ወዲያው የሚመልስ ሰው እስኪመሽ ዝም አለ። በመጨረሻ አንድ መስመር መጣ።

«በፖስታ ለቅዳሜ አይደርስልሽም። እኔው ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ሚሊ ደስታዋ ፊቷ ላይ ሳይደርስ ቆመ። መልእክቶቻቸውን ከመጀመሪያው ጀምራ ወደ ታች አነበበች፤ የድምፁንም ሰማች። ቅዳሜ የሚል ቃል አልነገረችውም።

ተነሥታ ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደች። «ያን ገዢህን እስቲ አሳየኝ።»

ወንድሟ ስልኩን ሰጣት። ሰማያዊ ፎጣ፣ ከሥሩ ስም፦ አሮጌ ብረት።

«ምነው፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች ሚሊ። ስልኩን መለሰችለት። «ቅዳሜ ሲመጣ ግን አውቀዋለሁ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት ፒክ አፕ በሩ ላይ ቆመች። ከውስጧ ረጅም፣ እጀታውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ወጣት ወረደ፤ በሰማያዊ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፏል። ወንድሟ አንገቱን አስግጎ ከመኪናዋ ኋላ ፈለገ።

«ተጎታችህ የታለ? ጀልባዋን በኪስህ ልትወስዳት ነው?»

«አልገዛትም። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።»

«መቼ?» ያለችው ሚሊ ናት። ከጀልባዋ ኋላ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

ድምፁን ለይታ እንዳወቀችው ሁሉ እሱም አወቃት። «ረቡዕ። አረንጓዴዋን ቀለም ሳይ። ወንድምሽ በላከልኝም ፎቶ ላይ ነበረች።»

«ከረቡዕ እስከ ዛሬ አፍ አልነበረህም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

«ላላምንህ እችላለሁ። መናገሩ ግን ያንተ ፈንታ ነበር፤ ማመን አለማመኑ የእኔ።»

ወጣቱ አቀረቀረ። ምክንያት ሲፈልግ አየችው፤ ሲተወውም አየችው። «እውነትሽን ነው» አለ። «ፈራሁ። ዝም እንዳትዪኝ ፈራሁ።»

ከጀልባዋ ኋላ የወጣችው ልትቆጣው ነበር፤ የተዘጋጀችበትም ንግግር ነበራት። ግማሹን ረሳችው፤ ሌላውን ግማሽ ለሌላ ቀን አቆየችው።

«ፎጣውን ፍታው» አለችው።

ፒኑ መሪው ላይ እንደተወለደበት ገባ። ቡሹም ቀለበቱ ውስጥ በቀስታ ተቀመጠ። ፒኑን ቡሹ ውስጥ ሊያስገቡ ሲሉ ግን እንቢ አለ። ገፉት፤ ጫፉን ነክሶ ቀረ።

«አይሆንም ማለት ነው?» ወንድሟ ሰዓቱን አየ።

«ይሆናል! በገዛ እጄ ነው የለካሁት!» ወጣቱ ላብ አጠመቀው።

ሚሊ ካሊፐሯን፣ ሚሊሜትር የምትለካበትን መሣሪያ፣ ዘረጋችለት። «እስቲ እያየሁህ ለካው።»

ቡሹን ለካና ካሊፐሩን ለማንበብ እጁን እስከሚደርስበት ድረስ ዘረጋው። አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ፤ ዓይኖቹን አጠበበ። ሚሊ ቡሹን ረሳች። እንዲህ ያለ አንገት በየቀኑ መነጽር ቤቷ ይመጣል።

«እጅህን ምን አስዘረጋህ?»

«ለማንበብ ነዋ።»

«ወደ ፊትህ አቅርበው።»

«ሲቀርብማ ይደበዝዛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።» ግራ ገባው። «ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል እንዴ?»

ከመስኮቱ በኩል የአባቷ ሳቅ መጣ። ዳሌያቸውን ይዘው ነው የሚስቁት። «ልኩን ለማያውቅ አልሸጥም ባዩ ይሄ ነው?» አሉ፤ ሚሊ ሁሉንም ነግራቸው ነበር።

«በግማሽ ሚሊሜትር ስተሃል» አለችው። እሷም ሳቀች፤ ቁጣዋ በዚያው ወጣ። «ያዝልኝ።»

የብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ዱላ ላይ ጠቀለለች። እሱ ቡሹን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ፤ እሷ ዱላውን ውስጡ እያዞረች ፋቀች። ነጭ ብናኝ በጣቶቻቸው ላይ ወረደ። ትንፋሹ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ይሰማታል፤ ቀና ብትል ዓይኑ ዓይኗ ውስጥ ስለሚገባ ቀና አላለችም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች። ዱላው ቆመ።

«ሚሊ፣ ቡሹ አለቀ ወይስ ሰዓቱ?» አለ ወንድሟ።

ፒኑ ገባ። ሳይላላም ሳይጨነቅም፣ ትንፋሽ እንደሚወጣ በዝግታ ወረደና ቦታውን ያዘ። ሳንቃውን ወደ ግራ ገፋችው፤ ወደ ቀኝ ገፋችው። ድምፅ የለም።

«አሁን ነበር ተጎታቹ» አለ ወንድሟ። «ምን ዓይነት ገዢ ነህ ጃል?»

«ተጎታች ምን ያደርጋል!» አባቷ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «በተጎታች ነው ስናወርዳት የኖርነው? ክብ ክቡን ግንድ አምጡ! አንተ ቁጡው፣ በስተግራ! ሙሽራው፣ ከኋላ! የጓሮውን በር ክፈቱት!»

ግንዱን ከፊት እየደረደሩ፣ ከኋላ እያነሡ፣ በአባቷ ትእዛዝና በወንድሟ ማማረር ጀልባዋን በጓሮው በር ወደ ሐይቁ አንከባለሏት። ሆዷ ውሃ ሲነካ ሁሉም እጃቸውን አነሡላት። ከዚያ ከነምሰሶዋ ብድግ አለች።

አባቷን ደግፈው ከፊት አስቀመጧቸው። ሸራው ነፋስ ሲጠግብ ሚሊ መሪውን ያዘች። ወደ ግራ አለቻት፤ ጀልባዋ ታዘዘች። አባቷ ወደ ኋላ አልዞሩም። እጃቸውን ከጎናቸው አውርደው ውሃውን እየዳሰሱ ሄዱ።

«እንዴት ናት፣ አባባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መሪው ያንቺ ነው» አሉ፣ እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ።

ዳር ላይ ሁለት ወንዶች እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ቆመዋል። ከሁለቱ አንዱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጀልባዋ እስክትርቅ ድረስ አያት። ከሩቅ ማየትስ አይቸግረውም።

ማክሰኞ ዕለት መነጽር ቤቷ መጣ። ጸጉሩን ተቆርጧል። ሚሊ ወንበር ሰጠችውና ፊቱ ተቀመጠች፤ ማስመሪያዋን በአፍንጫው ላይ አሳረፈች።

«እንዳትነቃነቅ። የግራ ዓይኔን እይ።»

አየ።

«አሁን የቀኙን።»

አየ። ውጭ መኪና አለፈ። ሁለተኛውን ዓይኗን ሲያይ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው የተሻገረው።

«ስንት ነው?» አለ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ።

«ዝም በል። ሦስት ጊዜ ነው የምለካው።»

«መነጽሩ መቼ ይደርሳል?»

«ለእሑድ። እዚህ ግን እንዳትመጣ፤ ጀልባዋ ላይ ነው የምሰጥህ። የቆየ ቁጣም አለኝ፣ ሐይቁ መሃል ስንደርስ የምነግርህ። መሸሻ የለህም።»

«ማን ሊሸሽ?»

«እንዳትነቃነቅ አልኩህ።»

አልተነቃነቀም። ማስመሪያው አፍንጫው ላይ እንዳለ፣ ዓይኑ ዓይኗ ላይ እንዳለ ቆዩ። እሷ ግን ለክታ ከጨረሰች ቆይታለች።