ወደ ዘጠና ዲግሪ

«ወንበሩን ተረክቤያለሁ» አለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጠለቀ።

ራዳር ክፍሉ ውስጥ ሁሉም «ጭምቱ» ይሉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የበረራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሰልል ማንም አልጠረጠረውም። ያ ሁሉ ድካም ግን ለዛሬ ነው፤ ለአንዲት ትንሽ አውሮፕላን። «እሽጉ» ውስጧ አለ። የመሣሪያ ፋብሪካውን ምስጢር ይዞ የኮበለለ መሐንዲስ ነው። ድንበር ካላለፈ አለቀለት።

የፈረቃ አለቃው ከኋላው ጎንበስ አለ። የጭምቱ የምስጢር አገናኝም እሱው ነው።

«ወደ ዘጠና ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው። ቀጥ ብሎ ድንበሩን ያልፋል።»

«ከፊቱ የጭነት አውሮፕላን እየመጣበት እኮ ነው!»

«ጭነቱ ከፍ ይላል። እሱን ከያዘችው፣ ከጎንህ ካለችው ተቆጣጣሪ ጋር ተነጋግሬያለሁ።»

ጭምቱ አመነው። አቅጣጫውን ሰጠ። አብራሪው ትእዛዙን መልሶ አነበነበና ዞረ። ደመና ውስጥ ስለሆነ ምንም አያይም፤ የሚያይለት ጭምቱ ነው።

ጭነቱ ግን ከፍ አላለም።

ሁለቱ ነጥቦች ፊት ለፊት እየተቀራረቡ ነው። ከፍታቸው እኩል ነው!

ጭምቱ ወደ ጎኑ ዞረ። «እህትዬ፣ ጭነቱን ከፍ አድርጊው አልተባልሽም እንዴ?»

«ማን? እኔ?» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ። «ኧረ ማንም ምንም አላለኝም!»

ተሸጧል። ይሄ ከሃዲ አለቃ ሁለቱን አጋጭቶ «የተቆጣጣሪ ስህተት ነው» ሊያሰኝ ነው!

ማይክሮፎኑን ጨበጠ። ድምፅ የለም። አለቃው ገመዱን ነቅሎታል።

የቀረው የእሷ ማይክሮፎን ብቻ ነው።

«ጭነቱን ወደ ቀኝ አዙሪው! በፈጠረሽ!»

ለምን ብላ አልጠየቀችም። አዞረችው። የአደጋው ደወል ሲያምባርቅ ነጥቦቹ ለጥቂት ተላለፉ።

ደወሉን የሰሙ ጠባቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። አለቃው ጭምቱን አየው። እሱን ቢያሲዝ ተያይዘው ነው የሚወድቁት። ስለዚህ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«ያለ ትእዛዝ አውሮፕላን ያዞረችው እሷ ናት! ድምፅዋ ተቀድቷል!»

ጭምቱ አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ ሰላዩ» ቢል ትንሿን አውሮፕላን ይመልሷታል፤ መሐንዲሱን ይረሽኑታል። አፉን መልሶ ዘጋ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችው!

እሷ አሁንም አልጠረጠረችውም። እየጎተቱ ሲያስወጧት ዞር ብላ «ጭምቱ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት አምጣልኝ! አደራ!» አለችው።

ገመዱን ሰካ። የመጨረሻዋን አቅጣጫ ሰጠ። አለቃው ሊከለክለው አልደፈረም። ነጥቧ ድንበሩን አለፈች።

የሚያሸሸው መኪና በኋላ በር ቆሞ ነበር። ሹፌሩ አዲስ ስም ያለበት ፓስፖርት አቀበለው።

«እንኳን ደስ ያለህ! እሽጉ ገብቷል።»

«መንገዳችን ላይ ትምህርት ቤት አለ። አንዲት ልጅ...»

«የምን ልጅ? ያንተ ናት?»

ጭምቱ እንባውን መቆጣጠር አቃተው።

«አይደለችም» አለ።

መኪናው ትምህርት ቤቱን አልፎ ሄደ።