ከጉሙ ጀርባ የቆመው ሰው

የዘመነን አስከሬን ያገኙት በፍልሰታ ለኪዳን የሚገሰግሱ ሴቶች ናቸው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከቢቸና ከተማ ዳር፣ ከድልድዩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ ከጎኑ ወድቆ ነበር። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። ካሜራው የለም። ኢንስፔክተር ማናለሽ ከደብረ ማርቆስ ተጠርታ ስትደርስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር፤ የከተማው ወሬ ግን ፈርዶ ጨርሷል።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አላት ሳጅን ገብረ ማርያም። «ጸደንያ ትባላለች፣ ተማሪው ናት። ማታ አብራው ወጥታ ብቻዋን ተመለሰች።»

«ለምን ትገድለዋለች?»

«የሞጣ ልጅ ናት። ሌሊት ከወንድ ጋር ተቃቅፋ የሚያሳይ ፎቶ ወጥቶባት፣ እጮኛዋ ጥሏት ነው እዚህ የመጣችው። እንግዲህ ጠባይዋ ከዚህ ይታወቃል።»

«ሰው በፎቶ ነው የምታውቀው?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይጣራል።»

«ካደረማ ልጅቷ ነገ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ዛሬ ይጥራ» አለች ማናለሽ። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ቶሎ ያለቀ ምርመራ አስደስቷት አያውቅም።

ለድልድዩ ቅርብ የሆነው ቤት የወይዘሮ ይርጋነሽ ነው። «ጩኸቱን የሰማሁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አሉ። «ለልጄ መድኃኒት የምሰጥበት ሰዓት ነው፤ ስልኬ ሲያስታውሰኝና ጩኸቱ እኩል ሆነ።» የሟች ወንድም ፈረደ በአባታቸው ቤት ውርስ የተነሳ ከዘመነ ጋር ተኳርፎ ከርሟል፤ ያን ሌሊት ግን ጤና ጣቢያ የተኛች ሚስቱን ሲያስታምም እንዳደረ ነርሷ መሰከረች።

ከዘመነ የቅርብ ሰዎች የቀረው ፋንታ ነው። የዘመነ የመጀመሪያ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ሞጣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፍቷል። ለቀብር መጥቶ ሲያለቅስ ቆየና ማንም ሳይጠይቀው ካሜራውን አወጣ።

«እኔ እንኳ ያኔ ሞጣ ነበርኩ፣ ኢንስፔክተር። ይኸው ይመልከቱ።»

በጉም የተዋጠ የሞጣ ቤተ ክርስቲያን በር ነው፤ ከመብራቱ ቢጫ ክብ በቀር የሚታይ የለም። ከግርጌው 3:34 ይላል።

«ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት» አለ ፋንታ።

ከቢቸና ሞጣ ቢከንፉ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሳጅኑ 3:34 ብሎ ጽፎ መዝገቡን አጠፈ። ማናለሽ ግን ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው አትወድም። የካሜራውን ሜሞሪ ካርድ ተቀበለችው።

ጸደንያን ያገኘቻት ከጣቢያው አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላ ነው።

«ፎቶ ማንሳት ለምን ተማርሽ?»

«ያ ፎቶ ውሸት መሆኑን ለማሳየት። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ካዩት ወዲህ ሰባት ወር አላናገሩኝም። ብምልም ብገዘትም አላመኑኝ፤ እንግዲያው ሥራውን ልወቀው አልኩ። ፎቶው ሌሊት፣ በጉም ውስጥ የተነሳ ስለሚመስል ዘመነም በሌሊት ጉም አለማመደኝ። ትናንት ፎቶዬን አጉልቶ ሲያይ ቆየና ‹ይህን ጉም አውቀዋለሁ› አለ። ወጥተን ትንሽ እንዳነሳን ‹ቀጠሮ አለኝ፣ ነገ እነግርሻለሁ› ብሎ ሸኘኝ።»

«ከማን ጋር?»

«አልነገረኝም።»

ማናለሽ የዘመነን ላፕቶፕ ከፊቷ ዘረጋች። «በይ እኔንም አስተምሪኝ። ጉም ይገፈፋል?»

«ጨርሶ አይገፈፍም። ግን ካሜራ ከዓይናችን የበለጠ ይይዛል።» ልጅቷ የፋንታን ፎቶ ከፈተች። «ብርሃኑን እንቀንስ… ጥቁሩን እናጥልቀው። ሌሊት ካሜራው ሠላሳ ሴኮንድ ያህል እንደተከፈተ ይቆያል። የሚሄድ ሰው አይታይም፤ የቆመ ብቻ ይቀራል።»

ግራጫው እየሳሳ ሄደ። ከበሩ አጠገብ ነጭ ጋቢ፣ ቀጥሎ መቋሚያ፣ ቀጥሎም ጥምጥም ወጣ። ጸደንያ አፏን ያዘች።

«አባቴ ናቸው» አለች።

ወደ ማታ ሁሉም በዘመነ ፎቶ ቤት ተሰበሰቡ። መሪጌታ ገብረ ሕይወት ከሞጣ በፖሊስ መኪና መጥተዋል፤ ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩም።

«መሪጌታ፣ ይህ ማን ነው?» አለች ማናለሽ።

መነጽራቸውን አጠለቁ። «እኔ ነኝ። ቆሜ አባታችን ሆይ ደግሜ ነው ከበሩ የማልፈው።»

«በስንት ሰዓት?»

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ገደማ፣ ለሰዓታት ጸሎት ስሄድ።»

«ከምሽቱ ሦስት ተኩል ላይስ?»

«እተኛለሁ እንጂ። ሌሊት የሚቆም ሰው ማታ ካልተኛ በምን ጉልበቱ?»

«ተሳስተው ይሆናል» አለ ፋንታ።

«ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳትኩትን?»

ማናለሽ ወደ ሳጅኑ ዞረች። «3:34 ስናይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንላለን፤ ልማዳችን ነው። ፎቶው ሲነሳ ግን ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚቆጥረው። የፈረንጅ የሌሊት ሦስት ሰዓት የእኛ ዘጠኝ ነው። ፋንታ ዘመነን ገድሎ በሞተር ሞጣ ገባ፣ ቁጥሩ እስኪገጥምለት ጠብቆ አነሳ፣ ከዚያ የካሜራውን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር አዞረው። ጉሙ ግን መሪጌታን ደብቆበታል።»

«በምን ምክንያት እገድለዋለሁ? አስተማሪዬ ነው!»

ማናለሽ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ከፈተች። አንዱ ጸደንያን ያዋረዳት ነው። ሁለተኛው ሰው የሌለበት የቢቸና መንገድ ነው። ጉሙ አንድ፣ የጎበጠው የመብራት ምሰሶም አንድ ነው። «ይህን ዘመነ ያነሳውን ፎቶ ያስቀመጠበት ፋይል ‹ለፋንታ መለማመጃ› ይላል። አንተ ሰዎቹን ከሌላ ቦታ ቆርጠህ ለጠፍክበት። ዘመነ ትናንት መጨረሻ የደወለው ላንተ ነው። የጠፋው ካሜራውም ከአንድ ሰዓት በፊት ሞጣ ፎቶ ቤትህ ተገኝቷል።»

«ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ልጄ አልፈልገውም ስላለች መለስኳቸው።»

ፋንታ ግድግዳውን ተደገፈ። «ዘመነ ‹ሞጣ መጥቼ በሽማግሌ ፊት እውነቱን እናገራለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። እምቢ አለኝ…» ቀጥሎ ያለው በልቅሶ ተዋጠ። ሳጅን ገብረ ማርያም ካቴናውን ሲያስገባለት ጸደንያን ለማየት አፈረ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ልጃቸው ቀረቡ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ነይ፣ ቤትሽ እንግባ።»

ጸደንያ ሰባት ወር ሙሉ ይህን ቃል ስትመኝ ኖራለች። አሁን ሲመጣ ደስታው የለም። ያመናት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ተቀበረ።

«አባባ፣ ዘመነ ባይሞት ያምኑኝ ነበር?»

መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ከመቋሚያቸው ጋር ጨበጡት። ጸደንያ አልተቆጣችም፣ አልሄደችምም፤ መልሱን ቆማ ጠበቀች።