አንዴ ና፣ ሁለቴ ቁም

ውሸት ነው የሚል ሰው ራሱን ያቤፅን ይጠይቀው። እኔ የነገረኝን ነው የምነግራችሁ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ወሩ ጥር ነው፣ ሰዓቱ ከቀኑ አስር። ጨለማ የምትጠብቁ ከሆነ የለም። ፒያሳ ላይ ፀሐይ ፍጥጥ ብላለች።

ያቤፅ ከጓደኞቹ ጋር የገጣጠማት ሞተር የሌላት አውሮፕላን ነበረችው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በመኪና ትጎተትና ተነስታ በነፋስ ትንሳፈፋለች። የዚያን ቀን ታናሽ እህቱ ፅናት ለምና ለምና ከኋላው ተቀምጣለች። እናታቸው "እሷ አንድ ነገር ብትሆን ዓይንህን እንዳላየው" ብላዋለች።

እንጦጦን እንዳለፉ ነፋሱ ከዳቸው።

"ያቤፅ... እየወረድን ነው?"

"ዝም በይ። ማረፊያ እየፈለግኩ ነው።"

ከታች ጣሪያና ሽቦ ብቻ ነው። አራዳ ላይ ግን ቤቶቹ ፈርሰው ባዶ የቀረ መሬት አየ። ያደጉበት ሰፈር ነበር።

መሃሉ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። አረንጓዴ ካፖርት ለብሶ በእጁ ይጠራዋል። ና... ና... ና...

ያቤፅ እፎይ አለ። ጋሽ ጸጋይ ናቸው፣ የሰፈሩ መኪና አቋሚ። መንዳት የለመደው በሳቸው እጅ ነው። ወደ ኋላ ስትመጣ የመኪናህን ጀርባ አንዴ ከመቱት ና ማለት ነው፣ ሁለቴ ከመቱት ቁም።

ጧ...

ድምፁ የመጣው ከአውሮፕላኗ ጭራ ነው።

"ምንድነው የመታን?" አለች ፅናት በሹክሹክታ።

መሬቱ ገና ሩቅ ነው። ቆየት ብሎ እንደገና...

ጧ...

ሰውየው እጃቸውን ወደ ግራ ወረወሩ። ያቤፅም መሪውን ወደ ግራ ሰበረ። ስንት ዓመት ያንን እጅ ሲታዘዝ የኖረ ሰው መቼ ቆም ብሎ ያስባል?

"ወዴት ነው? ሜዳው እኮ በቀኝ ነው።"

"ጋሽ ጸጋይ እየመሩኝ ነው።"

ትከሻውን ከኋላ ያዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ...

"ያቤፅ... ጋሽ ጸጋይን እኮ ቀብረናቸዋል።"

ቀና ሲል ማንም የለም። ፊት ለፊቱ ለሕንፃ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያውን የፌሮ ብረት ቆሞበታል።

ክንፏ የቆርቆሮ አጥሩን ቀደደው። መስታወቱ ፊቱ ላይ ፈነዳ። መንጋጋው ተሰበረ፣ አፉ በደም ተሞላ። አውሮፕላኗ ተሽከርክራ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች። ፅናት ጮኸች፣ ጩኸቷም መሃል ላይ ተቆረጠ።

ዞሮ አያት። ጣት የሚያህል ብረት በጭኗ ገብቶ በመቀመጫው ወጥቷል።

"አለሁ..." አለችው። "እማዬ እንዳትሰማ።"

ሰው ተሯሯጠ። ብረቱን ቆርጠው አወጧት፣ አምቡላንስም መጣ። እሷን አስገብተው በሩን ዘጉ። "ትተርፋለች፣ አይዞህ" አሉት። ያቤፅ መሬት ላይ እንደተጋደመ አለቀሰ።

አምቡላንሱ ለመዞር ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ከኋላው ያለው ጉድጓዱ ነው።

ጧ...

ያቤፅ ደነገጠ። ሾፌሩ በስፖኪዮ ወደ ኋላ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ አባባ... እየመጣሁ ነው።"

ከኋላው ግን ማንም የለም።

ያቤፅ "ቁም" ሊል ሞከረ። መንጋጋው አልታዘዝ አለው፤ ደም ብቻ ወጣ። ሁለት ጊዜ እንዲመቱ በልቡ ለመነ...

ጧ...

አንዴ ብቻ።

የኋላ ጎማው ከአፋፉ አለፈና አየር ላይ መሽከርከር ጀመረ።