ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር

ዊበ ቴርፕስትራ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ጠረጴዛውን ባዶ እንዲያደርግ ሲያስተምር ኖሮ፣ በመጨረሻ ግንባሩን የገዛ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ማርግሪት ናት፤ ረቡዕ ማታ ከመንገድ ስትመለስ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ክፍሉ በማርች ብርድ ደርቋል። ከእጁ አጠገብ አንድ ባዶ ብርጭቆ፣ አንድ ባዶ የእንቅልፍ ኪኒን ፓኬት፣ በራሱ እጅ የተጻፈችም አንዲት አጭር ወረቀት ነበረች። «ደክሞኛል። ይበቃኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ» ትላለች።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር አልበርታ ዲክስማ ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። አልበርታም ደክሟታል። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ የኮቷ ኪሶች ደግሞ በደረሰኝ፣ በመድኃኒት ማዘዣና ድሮ በረሳቻቸው የቀጠሮ ወረቀቶች ታጭቀዋል። አለቃዋ በስልክ «ራሱን ገድሏል፤ እስከ ማታ ፋይሉን ዝጊው» ብሏታል። በኔዘርላንዷ ዴቬንተር ከተማ ውስጥ ማንም ሰው ስለ ዊበ ከዚህ የተለየ ነገር አልጠረጠረም።

ማርግሪት ቡና ቀዳችላት፤ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍታ አንዲት ሰጠቻትና መልሳ ከደነችው።

«እነዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉት ማህደሮች ምንድን ናቸው?» አለች አልበርታ።

«ሕይወቱ ናቸዋ!» አለች ማርግሪት። «አርባ ሦስት ናቸው። ሠላሳ አንዱ ለቀኖቹ፣ አሥራ ሁለቱ ለወሮቹ። ጠዋት ልክ በአንድ ሰዓት የቀኑን ማህደር ከፊት ያወጣል፣ ያለውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋል፣ ባዶውን ከኋላ ይሰካል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ቀን አላዛነፈም። ሠርጋችን እንኳ ማህደር ነበረው።»

አልበርታ አየች። ከፊት ያለው የአሥራ ዘጠኝ፣ የዛሬው ነው። የትናንቱ አሥራ ስምንት ባዶውን ከኋላ ተሰክቷል፤ የያዘው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የቀኑ ሥራ ዝርዝር ነበረበት፤ «የወረቀት ቆሻሻ ገንዳውን ወደ መንገድ ማውጣት» እና «አበባ ማጠጣት» የሚሉት ሁለቱ መስመሮች ተሠርተዋል የሚል ምልክት አለባቸው። ከሥሩ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አለ፤ አድራሻው ዩትሬክት የምትኖረው የልጁ የፌምከ ነው። ሐኪሙ ክፍሉ በጣም ስለቀዘቀዘ የሞተበትን ሰዓት መለየት አቅቶት «ከማክሰኞ ምሽት እስከ ረቡዕ ቀትር» ብሎ ነበር። ማህደሩ ስለዞረ ግን ሁሉም «ረቡዕ ጠዋት» ብሎ ደመደመ።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ማክሰኞ ቀትር ላይ ሌወርደን ሄድኩ፣ የእህቴ ልደት ነበር። ሃያ ሰው ክብ ሠርተን ስንጨዋወት አመሸን፤ እዚያው አደርኩ። ረቡዕ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዬን በእግሬ ስዞር ዋልኩ። ማንም አላየኝም።» ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «መዋሸት እችል ነበር። መዋሸትም አቅም ይጠይቃል።»

ፌምከ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ነርስ ናት፤ ማክሰኞ ሌሊት ተረኛ ሆና ሆስፒታል ነው ያደረችው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሞላት፤ ማንም ግን እንኳን አደረሰሽ አላላትም።

«እሑድ ደውዬለት ነበር» አለች። «‹ሐሙስ ልደቴ ነው፣ ትመጣለህ?› አልኩት። ‹ማስታወሻዬን ልይ› አለኝ! አባቴን ለማየት ሦስት ሳምንት ቀድሜ ቀጠሮ ነው የምይዘው። ‹በቃ፣ እኔንም ማህደር ውስጥ ክተተኝ!› ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።» የበሩን መቃን ያዘች። «ይኸው፣ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት? ይንገሩኝ።»

አልበርታ ቡናዋን አስቀመጠች። የማታውቀውን ነገር ቃል መስጠት ካቆመች ብዙ ዘመኗ ነው። ልጅቷ ግን ይህን ጥያቄ ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትኖር ገባት፤ ፋይሉን ቶሎ መዝጋቱም ያን ጊዜ አስጠላት።

ቀጥሎ ሩሎፍ ካምስ መጣ። በጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ቢሮው የዊበ ሸሪክ ነው፤ ሽቅርቅር፣ አንደበቱ የተባ፣ ፎቶው በየሥልጠና ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

«ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተለያየን። ቤቴ ገባሁ፤ ብቻዬን ነኝ የምኖረው። ረቡዕ በንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባቡር ግሮኒንገን ሄድኩ። እስከ ማታ ሠላሳ ሠልጣኝ ፊት ቆሜ ነው የዋልኩት።»

«ትኬቱ አለዎት?»

ሩሎፍ ቦርሳውን ከፍቶ መፈለግ ጀመረ። የተጨማደደ ደረሰኝ፣ ጥንዱ የጠፋ ጓንት፣ ግማሹ ተበልቶ የደረቀ ፖም ወጣ። ትኬቱ ከስንት ፍለጋ በኋላ ከታች ተገኘ። አልበርታ የገዛ ኪሷን ዳሰስ አደረገችና አዘነችለት።

«የምታስተምሩት ዋናው ሕግ ምንድን ነው?»

«ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር አይቀጠርም፤ እዚያው ይሠራል!» አለ ሩሎፍ፣ ፊቱ በርቶ። «ዊበ በዚህ አይቀልድም ነበር። ከሰው ጋር እያወራ እንኳ ትቶ ይነሳል።»

አልበርታ አየር ለመቀበል ወደ ጓሮ ወጣች። የወረቀት ገንዳው ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ክዳኑን አነሳችው፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። በዚህ መንገድ የተጣለ ወረቀት ሰብሳቢ መኪና የሚያልፈው ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ተመልሳ ወደ ማህደሮቹ ሄደችና ወደፊት ያሉትን አንድ በአንድ ከፈተች። ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስተኛው ላይ፣ የፊታችን ሰኞ ላይ፣ እጇ ቆመ። ያገኘችውን ቁጭ ብላ አነበበች።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም የሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ተቀመጡ። ጉልበቴ ስለማይችል እኔም እቀመጣለሁ» አለች። «ማህደሩ የሚለን ዊበ ረቡዕ ጠዋት ሥራ ጀምሮ ነበር ነው። እሺ እንበል። ይህ ፖስታ ቴምብር አለው። የፖስታ ሳጥኑ ምን ያህል ይርቃል?»

«መንገዱን መሻገር ነው» አለች ማርግሪት።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ አቶ ሩሎፍ?»

«አንድ... ግን ሊሞት የቆረጠ ሰው ፖስታ ያስባል እንዴ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊሞት የቆረጠ ሰው ታዲያ ማህደር ለምን ያዞራል? አበባ ለምን ያጠጣል? ሥራ ከጀመረ ፖስታው እዚህ አይገኝም፤ መሞት ከፈለገ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አያደርግም። ደግሞም ገንዳውን አውጥቻለሁ ይላል ዝርዝሩ። ገንዳው ጓሮ ነው፣ እንደ ሞላ። ወይዘሮ ማርግሪት፣ ባለቤትዎ ሳይሠራ ምልክት ያደርግ ነበር?»

«ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል።»

«ስለዚህ ምልክቱ የእሱ አይደለም። ዊበ ረቡዕን አላያትም። ማክሰኞ ምሽት ሞተ፤ የረቡዕን ጠዋት ሌላ ሰው ሠራለት። ማሞቂያውን አጠፋ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ማህደሩን አዞረ። ሕጉን እንደ ውኃ የሚጠጣው፣ ግን አንድ ቀን ኖሮበት የማያውቅ ሰው ነው። ኖሮበት ቢሆን፣ ሳያስበው እጁ ፖስታውን ይዞ ይወጣ ነበር።»

አልበርታ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ሞቱ ረቡዕ ነው ቢባል የሚጠቀመው ማነው? ወይዘሮ ማርግሪት ማክሰኞ ሃያ ምስክር ነበራቸው፤ ረቡዕ ግን አንድም የላቸውም። ፌምከ ማክሰኞ ሆስፒታል ነበረች። ማክሰኞ ብቻውን ሆኖ ረቡዕ ሠላሳ ምስክር ያለው አንድ ሰው ነው።»

«የማይሆን ነገር!» አለ ሩሎፍ ተነስቶ። «ማስታወሻውስ? የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው!»

«ነው» አለች አልበርታ። ከሰኞው ማህደር ያገኘችውን ደብዳቤ ዘረጋችና በደከመ ድምፅ አነበበች። «‹ደክሞኛል። ይበቃኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከኤፕሪል መጀመሪያ ጀምሮ ቢሮውን እዘጋለሁ። ሰው ቀኑን እንዲከፋፍል ሳስተምር ለራሴ የተረፈኝ ቀን የለም።› አርባ ቅጂ ነው፣ ሰኞ ለደንበኞቻችሁ ሊላክ የተዘጋጀ። ማስታወሻዋ በእጁ ከጻፈው ረቂቅ ራስ ላይ በመቀስ ተቆርጣ የቀረች ናት። ማክሰኞ ምሽት ረቂቁን አሳየዎት፤ እርስዎም እሱን ብቻ ወሰዱ። የሰኞን ማህደር መክፈት አልመጣልዎትም።»

«የቀረው ረቂቅ ታዲያ የት አለ?»

«ቦርሳዎ ውስጥ ነዋ።»

ሩሎፍ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ።

«ሥርዓት ያለው ሰው ያንለት ያቃጥለው ነበር» አለች አልበርታ፣ ከኪሷ ጭብጥ ሙሉ ወረቀት አውጥታ እያሳየችው። «እንደ እኔና እንደ እርስዎ ያለው ግን ‹ኋላ› ይላል። ይህ የሁለት ዓመት ደረሰኝ ነው። እኛ ምንም ነገር አንጥልም፣ አቶ ሩሎፍ።»

ፖሊሱ ቦርሳውን ተቀበለ። ረቂቁ አራት እጥፍ ታጥፎ ከደረቀው ፖም ሥር ወጣ፤ አናቱ ተቆርጧል። ያን ሁሉ አስቦ ይህን መርሳቱ፣ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ነው።

ሩሎፍ ወንበሩ ላይ ወደቀ። «አሥራ ስድስት ዓመት» አለ። «ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? ቢሮው ሲዘጋ እኔ ማን ነኝ? ለመንኩት። ‹አንተም እረፍ እንጂ› አለኝ። እረፍ!» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የራሱን ኪኒን ነው፣ መጠጡ ውስጥ ያሟሟሁለት።»

ከወሰዱት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሦስቱ ሴቶች ቀሩ። አልበርታ ፖስታውን ከጠረጴዛው አንስታ ከጎማ ጓንት ጋር ለፌምከ ሰጠቻት።

«ማስረጃ ስለሆነ ለጊዜው እኔ ጋ ይቆያል። ግን ስምሽ ያለበት ነው፤ አንቺ ክፈችው። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ልጄ።»

ፌምከ ፖስታውን ከፍታ ካርዱን አወጣች። ዊበ ሁሉ ነገር ላይ ቀን ይጽፋል፤ ማዕዘኑ ላይ የእሑድ ቀን አለ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ፌምከ፣ አንቺን ማህደር ውስጥ አልከትሽም። ሐሙስ ማታ እመጣለሁ። ከኤፕሪል ጀምሮ ደግሞ ቀጠሮ አያስፈልግሽም፣ ባሻሽ ቀን ነይ። አባትሽ።›»

ማርግሪት ልጇን አቀፈቻት። ሁለቱም ረጅም ጊዜ አለቀሱ። አልበርታ በመስኮቱ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ስታይ ቆየች።

«እሑድ ጽፎት» አለች ፌምከ በመጨረሻ፣ «እሑድ ለምን አልላከውም? የሚፈጀው እኮ አንድ ደቂቃ ነበር!»

«ረቡዕ ልኮት ልክ በልደትሽ ቀን እንዲደርስሽ ነዋ» አለች አልበርታ። «ዛሬ ሐሙስ ነው። ደርሷል።»