የማዳም ናዒማ ውንሲ

በወደብ ከተማዋ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ሀይለየሱስ አንድ ዐመል አለው። ውንሲ የሚሉትን ዕጣን የምትሸት ሴት ወደ ሱቁ በገባች ቁጥር የስፌት መኪናውን ያቆምና «አግብተሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ያገቡት ይስቁበታል፤ ያላገቡት ይሽኮረመማሉ። ጎረቤቱ ጎሳዬ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ጥፊ ይቀምሳል» ይላል። ዐመሉ የመጣበት ግን ከትርሲት በኋላ ነው።

ትርሲት የማዳም ናዒማ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የማዳሟን ዲራዕ፣ ያን ስስና ረጅም ቀሚስ፣ ለማስጠበብ ወይም ለማሳጠር ይዛ ትመጣለች። ከእሷ ቀድሞ የሚገባው ውንሲው ነው፤ እመቤቶቹ ከዕጣን፣ ከስኳርና ከቅመም ሠርተው ልብሳቸውን የሚያጥኑበት። መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ የሚከረክር ቅርንፉድ፣ መጨረሻ ላይ የተቃጠለ ስኳር። የትርሲት ፀባይም እንደዚያው ነበር። ስትገባ በነገር ትወጋለች፣ ቆይታ ታስቃለች፣ ከወጣች በኋላ ግን ጣፋጭነቷ እስኪመሽ ከሱቁ አይወጣም።

«ዛሬም አላለቀም? በመርፌ ነው በማንኪያ የምትሰፋው?»

«ቁጭ በይ፣ አሁን ይደርሳል።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር!»

እውነቱን ለመናገር ቀሚሱ አልቋል። ሀይለየሱስ ሆን ብሎ አንድ ጠርዝ ሳይዘመዝም ይተዋል፤ እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንድታወራው። ዓይኖቻቸው ሲጋጠሙ ግን ቶሎ ብሎ ወደ ክሩ ያጎነብሳል።

ምክንያት ነበረው። አያቱ በባቡሩ ዘመን ከአገር ቤት መጥተው የቀሩ ናቸው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። በሰፈሩ ውንሲ የምትታጠን ባል ያላት ሴት መሆኗን ከልጅነቱ ያውቃል። የሰው ትዳር አልነካም ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ አፉን ዘጋ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከተማው በሙቀቱ ተዘጋግቶ በተኛበት፣ ትርሲት መጣች። የዚያን ቀን ሳሙና ብቻ ነበር የምትሸተው። ነጭ የሽመና ጨርቅ ታቅፋለች።

«ይሄ የማዳም አይደለም፣ የራሴ ነው» አለችው መሬት መሬቱን እያየች። «የሠርግ ቀሚስ ስፋልኝ።»

«የማን ሠርግ?»

«የኔ ነዋ! ድሬዳዋ ሽማግሌ ልከው አባቴ እሺ ብሏል። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«አንቺ ባል የለሽም እንዴ?»

«የምን ባል?»

«ውንሲውስ?»

ትርሲት አፍጥጣ አየችው። «የማዳምን ልብስ የማጥነው እኔ ነኝ። ጭሱ እላዬ ላይ ቢቀር ምን ላድርግ?» ከዚያ ነገሩ ገባት፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ ሠራተኛ ስለሆንኩ የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት በርጩማህ ላይ የተጎለትኩት ለቀሚስ ብዬ ነው?»

«ቅሪ» አላት። ስንት ጊዜ ታንቆ የኖረው ቃል እንዲህ ቀልሎ መውጣቱ ለራሱም ገረመው።

«አባቴ ቃሉን ሰጥቷል፣ ሀይልዬ። በሰው ፊት እንዴት ላዋርደው?»

ሀይልዬ ብላ የጠራችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰፋላት። በዕድሜው እንደዚያ ተጨንቆ የሰፋው ልብስ የለም። በዚያ ቀሚስ ላይ ሳይዘመዘም የተተወ ጠርዝ አልነበረም።

ዓርብ ልትወስደው መጣች። አጣጥፎ ሰጣት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ ኖሮ...»

«ምን ትዪኝ ነበር?»

«ጠይቀኝና ልንገርህ።»

ሀይለየሱስ ያን ጊዜ ወደ ክሩ አላጎነበሰም።

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም» አለችው እያለቀሰች። ነጩን ቀሚስ ደረቷ ላይ ታቅፋ ወጣች።