በእንግሊዝኛ የነደደ እጅጌ

መምህር ዓባይነህ ከጂንካ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍልን ሳይንስ ያስተምር ነበር። በዚያን ጊዜ መመሪያው ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ይላል፤ ዓባይነህ ደግሞ ከመመሪያውም በላይ አጠበቀው። በእሱ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ወይም የአካባቢውን ቋንቋ አሪኛን የተነፈሰ ተማሪ ውጭ ይቆማል። ልጆቹ ታዲያ መላ አገኙ፤ እሱ ያለውን ሁሉ በኅብረት ጮክ ብለው ይደግማሉ። ዓባይነህም ገብቷቸዋል ብሎ ይረካል።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሰገነት አንድ ቀን፣ "ዓባይነህ፣ እንግሊዝኛውን እኔ በክፍለ ጊዜዬ አስተምራቸዋለሁ። አንተ ሐሳቡን መጀመሪያ በሚያውቁት ቋንቋ አስረዳቸው" አለችው።

"መመሪያ መመሪያ ነው። ፈተናው በአማርኛ አይመጣላቸውም።"

"ያልገባቸውንስ በየትኛው ቋንቋ ሊመልሱት ነው?"

ዓባይነህ ጠመኔውን አንሥቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ትምህርቱ ስለ ቃጠሎ ነበር። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ሻማ ለኮሰ። ወደ ሰሌዳው ዞር ሲል የጋዋኑ እጅጌ ነበልባሉን ነክቶ ተያያዘ።

"ፋየር!" ብሎ ጮኸ።

"ፋየር!" አሉ ስልሳ ልጆች።

"ዋተር! ዋተር!"

"ዋተር! ዋተር!" ድምፃቸው ከወትሮው ደመቀ፤ መምህራቸው እንዲህ እየዘለለ አስተምሯቸው አያውቅማ።

"ሄልፕ ሚ!"

"ሄልፕ ሚ!" ጅሩ የተባለው ተማሪ እንዲያውም ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ።

እሳቱ ክርኑ ጋ ሲደርስ ዓባይነህ፣ "ኧረ ልጆች፣ ተቃጠልኩ! ውሃ!" አለ በአማርኛ። ክፍሉ ተተራመሰ። ጅሩ ጥግ የነበረውን የመወልወያ ባልዲ አንሥቶ ከነጭቃው ደፋበት።

ዓባይነህ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ሦስት ሳምንት ቤት ዋለ። ከቃጠሎው ይልቅ ያንገበገበው፣ በእሱ ክፍል ቃል ይደገማል እንጂ ትርጉም አለው ብሎ የሚያስብ ልጅ አለመኖሩ ነበር። ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሰገነት ሄደ።

"እንዴት ላድርገው?" አላት።

"ሐሳቡን በአማርኛ አስረዳ፤ እርስ በርሳቸው በአሪኛ ይከራከሩበት። ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጽፉልሃል።"

መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይማሩ፤ በዚህ ጠብ የለንም። የደገሙት ሁሉ የገባቸው ግን አይምሰለን።

ዓባይነህ ክፍል ገብቶ፣ "ዛሬ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁ" አለ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው አቢጊያ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ያ ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?"

ዓባይነህ ሊስቅ ከጀለውና ተወው። በዚሁ በፎቶሲንተሲስ ፈተና ዘጠና አምስት የሰጣት እሱ ራሱ ነበር።